ስለ አምስቷ ደቂቃና ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ግራ ክንድ

ለክቡር የኩላሊት እጥበት ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ፤
አራተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ወደተነጠፈበት ቢሮዎ፤

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ሁለቱ ኩላሊቶችዎ በየቦታቸው ተቀምጠው ሥራቸውን ያለ ማሽን እንዲሠሩ፣ ደምዎም ከቆዳዎ በታች ውሎ ከቆዳዎ በታች እንዲያድር ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ምኞት ላገኘሁት ሁሉ አልበትንም፤ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ስለማውቅ ለሚከበር ሰው ነው የማስቀምጠው።

እኔ በክፍልዎ የሰባተኛዋ ወንበር ታካሚ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በጠዋቱ ተራ፣ ደሜ ወጥቶ ታጥቦ ይመለስልኛል። ከመታመሜ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ አገልግያለሁ። የመጣውን ሰርኩላር ቁጥር ሰጥቼ፣ መዝግቤ፣ የሚመለከታቸውን ሁሉ አስፈርሜ፣ በፋይሉ አስገብቼ ኖሬያለሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለ እንደሆነ ባልደረቦቼ ወደ እኔ እያዩ ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ይህን የምነግርዎ የምጽፈው ሁሉ ከአመጸኛ ሰው እንዳልመጣ እንዲያውቁልኝ ነው። እርስዎ የሚያወጡትን ሰርኩላር ከእኔ አብልጦ ያከበረ ታካሚ በክፍሉ አልነበረም። ችግሩም የመጣው በዚያው በኩል ነው።

ነገሩን በአደባባይ ከማውጣቴ በፊት ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ልኬልዎት ነበር። ሦስቱም «ደርሶናል» የሚል ማህተም አርፎባቸው ተመልሰውልኛል። ማህተሙ ቀጥ ብሎ ያረፈ፣ ቀለሙም ዳር ዳሩን ያልፈሰሰ ነው። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ሳይፈስ የቆመ ነገር በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው ሰው ስለሚኖር፣ እርስዎ አብጠርጥረው የሚያውቁትን ነገር ለእነሱ ስል ባጭሩ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ሐኪም በቀዶ ጥገና ክንዳችን ላይ ሁለት ደም ሥር ያጋጥማል፤ ሥሩ ይወፍራል፣ ይጠነክራል፣ ጣት ሲያርፍበትም እንደ ተኛች ድመት ሆድ ይነዝራል። በእያንዳንዱ እጥበት ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች እዚያ ይገባሉ፤ በአንዱ ደሙ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። በመንገዱ እንዳይረጋም መድኃኒት ይሰጠናል። የእጥበቱ አራት ሰዓት አልቆ መርፌዎቹ ሲነቀሉ እንግዲህ ሁለት ቀዳዳና ለመርጋት የማይቸኩል ደም ይዘን እንቀራለን። የሚያስፈልገው ሁለት ጣት፣ አንድ ቁራጭ የቁስል ጎዝና ትዕግሥት ነው። ጣቶቹ ደሙ እስኪቆም ጠበቅ፣ ንዝረቱ ግን ከሥር እስኪሰማ ላላ ብለው ያርፋሉ፤ ቆሞ ይሆን እያሉ ገለጥ ማድረግ የለም። አስር ደቂቃ፤ ለአንዳንዱ አስራ አምስት። ከዚያ አልፎ እየረዘመ ከሄደ ደግሞ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። ነርሶቻችን ገና ከመጀመሪያው ቀን ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ከእኔ ቀጥላ ያለችው ስምንተኛዋ ወንበር የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ነበረች። ሁላችንም «ቧንቧው» ነበር የምንለው፤ በስሙ ከሚጠራ ይልቅ በዚህ ሲጠሩት ቶሎ ዞር ይል ነበር። እኔን ደግሞ «እትዬ መዝገብ» ይለኛል። ወደ ክፍላችን ከመምጣቱ በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ብርጭቆ እንኳ መጨበጥ ተስኗት ነበር። መርፌው የሚገባው በግራ ክንዱ ነው። ግራውን መያዝ የነበረባት ቀኝ እጁ፣ እሷ ግን የለችም። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቶቹ ከጎዙ ላይ እየተንሸራተቱ ሲቸገር አይቼ ወንበሬን አስጠጋሁና ሁለት ጣቴን አሳረፍኩለት። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ፍሳሽ ሳቆም ኖሬ የራሴን መያዝ ያቅተኝ እትዬ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት የእኔ መርፌ ቀድሞ ይነቀላል፣ የራሴን አስር ደቂቃ እይዛለሁ፣ ፕላስተሬ ይለጠፋል፤ ከዚያ የእሱ ተነቅሎ ከእኔ ጣት ሥር ይገባል። ዋና ነርሷ ተራችንን ያወጣችው ይህንን አስባ ነው። «እስቲ ጣትሽን አውሺኝ» ይለኛል፤ እኔም አውሰዋለሁ።

አስር ደቂቃ የሰው ክንድ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ሳይከብደኝ አይቀርም። ሰው ክንዱን ሰጥቶ ዝም አይልም። የገባባቸውን ቤቶች ሁሉ ያወራኛል። የቤት ገመና ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው ይል ነበር። ቀለበት ጠፋብኝ ብላ ሠራተኛዋን ያባረረች ሴት፣ ቀለበቱን እሱ ከቧንቧው ጉሮሮ አውጥቶ ሲሰጣት «ለማንም እንዳትናገር» እንዳለችው፣ እሱ ግን ወጥቶ የሠራተኛዋን ቤት ሲያፈላልግ እንደዋለ ያወራኛል። እኔ ያንን እየሰማሁ ከጣቴ ሥር የሚነዝረውን እቆጥራለሁ። እኔ ባል የለኝም፤ ወንድሞቼም አልቀዋል። የሌላ ሰው ደም ሲሄድና ሲመለስ በእጄ የሰማሁት ከእሱ ብቻ ነው።

እርስዎ በተሾሙ በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ሰርኩላር ወጣ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ በመተላለፊያው ላይ የነበረውን አግዳሚ ወንበር ስላስነሱልን አመሰግናለሁ። ታካሚዎች ከእጥበት በኋላ እዚያ ተቀምጠው ክንዳቸውን ይዘው ሲቆዩ መተላለፊያው የሐኪም ቤት መልክ ይዞ ነበር። አሁን በቦታው የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። አበባው የላስቲክ ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛ፤ መርፌ ከተነቀለ በኋላ በወንበር ላይ የሚቆየውን ጊዜ አምስት ደቂቃ አድርገው ስለወሰኑልን፣ ቀሪውንም በላስቲክ ማሰሪያ ስለተኩልን አመሰግናለሁ። በዚህ ዘዴ በቀን አንድ ተጨማሪ ተራ ማስገባት እንደተቻለ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ፤ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉም ስለማውቅ ሐሳቡን አልነቅፍም። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለውን ተረት እስከዚያ ድረስ ስለ እርሻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ማሰሪያው ሲጠብቅ ንዝረቱን ያፍናል፣ ያን ጊዜ ደም ሥሩ ረግቶ ይበላሻል፤ ሲላላ ደግሞ ምንም አይዝም። ማሰሪያ መሆኑን እንጂ ምን እንዳሰረ አያውቅም።

ሦስተኛው ምስጋና ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል። በየዕለቱ ከሚሞላው ፎርም ላይ «ደሙ ለመቆም የወሰደው ጊዜ» የሚለውን ዓምድ አስወጥተዋል። ሁሉም ሰው አምስት ደቂቃ ስለሚቆይ መጻፉ ትርፍ ሥራ ነው ተባለ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ዓምድ ሲጠፋ የማየው ሌላው ሰው ግድግዳ ሲፈርስ እንደሚያየው ነው። ለራሴ ትንሽ ደብተር ገዝቼ የቧንቧውን ደቂቃ መጻፍ ቀጠልኩ። ቀድሞ አስራ አንድ የነበረው አስራ አራት ሆነ። አስራ አራቱ አስራ ዘጠኝ ሆነ። ማሰሪያው ከታሰረለት በኋላ ሳይቀር የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ እየጠበቅሁ ስቆጥር አንድ ቀን ሃያ ስድስት ደረሰ።

እሱ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶት ነበር። «እትዬ» አለኝ፣ «በሚያንጠባጥበው ላይ ጨርቅ የሚጠመጥም ጀማሪ ነው። ይኼ ከቀዳዳው አይደለም። ከፊት የሆነ ቦታ ጠቧል፤ መሄጃ ያጣው ግፊት ወደ ኋላ እየመጣ ነው።» ሐኪሙ ለወርኃዊ ጉብኝቱ ሲመጣ ይህንኑ ነገረው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ፈገግ ብሎ ፋይሉን ገለጠና የተመዘገበ ነገር እንዳለ ፈለገ። ፎርሙ ላይ ምንም አልነበረም። «እስቲ እንከታተለው አባቴ» ብሎ አለፈ። ደብተሯ ያን ጊዜ ከእግሬ ሥር በቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አላወጣኋትም። መደበኛ ሰነድ አይደለችም፣ ቁጥርም ማህተምም የላትም፣ ማን ያምናታል ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማርኩት ይህንን ነበር።

አራተኛ፤

አራተኛውን ቁጥር ጻፍኩት እንጂ ምስጋና አልወጣኝም። አራተኛው ዘግይቶ በሌላ ሰርኩላር የመጣው «ታካሚ ታካሚን አይንካ» የሚለው ነው። ደንቡ ምክንያት የለውም አልልም፤ ደም በሽታ ያስተላልፋል፣ ያንን እናውቃለን። ጓንት የሚባል ነገር በየወንበሩ ራስጌ በካርቶን ተቀምጦ እንደሚገኝ ግን ሰርኩላሩን ያረቀቀው ሰው የሰማ አይመስለኝም። የሆነው ሆኖ ወረቀቱ ወጣ፣ ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ የእርስዎም ፊርማ አለበት። እኔም በዚያው ሳምንት አምስት ደቂቃው ሳይሞላ ወንበሬን በመልቀቅ አርአያ ነች ተብዬ ፎቶግራፌ በሰሌዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንግዲህ በእኔ ዕድሜ መመስገን ብርቅ ነው። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ማፈሬን ይወቁልኝ።

ረቡዕ ነበር። የእኔ መርፌ ተነቅሎ ደሙ ቆመ፤ የእሱም ተነቀለ። በዚያ ሰሞን የመጣች አንዲት አዲስ ነርስ ለስድስት ሰው ብቻዋን ነበረች። አምስት ደቂቃ ይዛለት፣ ማሰሪያውን አስራ፣ ወዲያ ማዶ ማሽን ሲጮህ ሮጠች። ቧንቧው ወደ እኔ ዞር ብሎ «እትዬ፣ ዛሬስ ጣትሽ የት ሄደ?» አለኝ። በአገጬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየሁት። «ደንብ ነው ወንድሜ» አልኩት። ጥቂት አየኝና «እሺ፣ ደንብ ከሆነማ» አለ። በቀኝ እጁ ለመያዝ ሞከረ፣ ጣቶቹ ወረዱ፤ ሁለተኛ አልሞከረም። ኮቱን ሲያነሳ እጅጌው አልገባ ስላለው ተነስቼ ያዝኩለት። ኮቱን መንካት እሱን መንካት አይደለም ብዬ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ገበሩ ጥጥ የሆነ የሥራ ኮት ነው። የግራውን እጅጌ በማሰሪያው ላይ አሳልፌ እስከ አንጓው ድረስ በራሴ እጅ ጎትቼ አለበስኩት።

በአንድ አውቶቡስ ነው የምንሄደው። እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፣ እኔ ከጎኑ። ግራ ክንዱ በእኔና በእሱ መካከል ነበር። በክፍሉ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የምታንጠባጥበውን ቧንቧ እያነሳ፣ መፍቻ ይዤ ልግባ ብላቸው ዘበኛው ከለከለኝ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበረች እያለ አወራኝ። ከዚያ «ቀዝቀዝ አለኝ» አለ። መስኮቱን ዘጋሁለት። «እንቅልፌ መጣ እትዬ» አለ። ከእጥበት በኋላ ሁላችንም እንዲሁ ነን፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ነው የምንወጣው፤ ምንም አልጠረጠርኩም። ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሰባት ፌርማታ አብረን ሄድን። ከብዶኝ ነበር፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር ብል ይታዘቡኝ ይሆን?

የምወርድበት ሲደርስ እንዳይነቃብኝ ቀስ ብዬ ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። መስተዋቱ እንዳይጎረብጠው ሻርፔን አጥፌ ከጉንጩ ሥር አደረግሁለት። ለሹፌሩ «ልጄ፣ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ቀስቅሰው፣ ባለቤቱ ትጠብቀዋለች» አልኩት። «እሺ እናቴ» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ስሰቅል በቀኝ በኩል፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥብ ነገር አየሁ። የእኔ መስሎኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አየሁ። ፕላስተሬ ደረቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ወደ ክፍሉ ስልክ እንደደወልኩ፣ «የሥራ ሰዓት ስለሆነ ቆይተው ይደውሉ» እንደተባልኩ አስታውሳለሁ። በካልሲ መንገድ ላይ ቆሜ እንደነበርም ጎረቤቴ ነግራኛለች።

ሹፌሩ ቃሉን ጠብቋል። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሊቀሰቅሰው ሄደ። ባለቤቱም በዕለቱ እንደ ሁልጊዜው ቆማ ትጠብቀው ነበርና ወደ ውስጥ ገባች። ማሰሪያው ተንሸራቶ ወደ ክርኑ ወርዶ ነበር። የሚፈሰውን ሁሉ የኮቱ ገበር እየጠጣ፣ ሌላው በወንበሩ ስፌት እየገባ፣ አንዲት ጠብታ ወለል ላይ አልታየችም። ባለቤቱ በኋላ እንደነገረችኝ ሻርፔን ከጉንጩ ላይ ያነሳችው እሷ ናት። «ሰው ተንከባክቦታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ያለችኝ ልትወቅሰኝ አይደለም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቢሮዎ ጉዳዩን መርምሮ «አደጋው የደረሰው ከማዕከሉ ቅጥር ውጭ ነው» የሚል ሪፖርት በሦስት ቀን ውስጥ ስላወጣ ለትጋቱ ምስጋና ይገባዋል። ልክ ነው። ቦታው ላይ አልተሳሳተም። ሌላ አምስት ደቂቃ በክፍሉ ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ደሙ በክፍሉ ውስጥ ይፈስና የእናንተ ጣጣ ይሆን ነበር፤ በጊዜ ስለወጣ ለአውቶቡሱ ተረፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእናንተው ሥራ የተሻለ ነው፣ ሌላ ሰው ነው የለቀመው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል። ቢሉኝ አልቀየምም፣ ራሴም እለዋለሁ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ያከበርኩት ግን እኔ ነኝ። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ሥራ ፈት የሆኑ ሁለት ጣቶች ይዤ ተቀምጬ ነበር። አሁን እነዚያ ጣቶች አይታዘዙኝም። ባንክ ቤት ወረፋ ስይዝ ባንኮኒውን፣ ምግብ ስበላ የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ ሰው ሲያናግረኝ የገዛ ጉልበቴን ተጭነው አገኛቸዋለሁ። ይዘው ይቆጥራሉ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ላነሳቸው ብል ተመልሰው ይጫናሉ። አንዳንዴም፣ እንግዲህ ይህን ለሐኪም አልተናገርኩም፣ ከእንጨቱ ሥር ይነዝራል። ንዝረቱን አውቀዋለሁ፤ የእኔ አይደለም። የእኔ ከእሱ ፈጠን ይላል።

አውቶቡስ ላይ ከቆምኩ ቆምኩ፣ መቀመጥ ትቻለሁ። አንቀላፍቶ የሚሄድ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ትከሻውን ነካ አድርጌ «ይቅርታ፣ ደህና ነዎት?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዲት ሴት «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ቧንቧው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ስምንተኛዋ ወንበር ላይ ዳቦ ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ተቀመጠች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ። መርፌዋ ተነቅሎ፣ አምስት ደቂቃ ሞልቶ፣ ማሰሪያው ሲታሰርላት ጎዙ በዳሩ ቀላ። ተነሳሁ። ጓንት አጠለቅሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ ሁለት ጣቴን አሳረፍኩ። አዲሷ ነርስ አየችን፤ አየችንና ጀርባዋን ሰጥታ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ጎዞች መቁጠር ጀመረች። አስር ደቂቃ ቆጠረቻቸው። በማግሥቱ ግን ነገሩ ቢሮዎ ደርሶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፎቶግራፌም ከሰሌዳው ወረደ። ስለ ሁለቱም አመሰግናለሁ።

ማስጠንቀቂያውን እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በክፍሉ ውስጥ» ይላል። ከክፍሉ በር ወጥቶ ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ የሕንፃው አስተዳደር እንጂ የእርስዎ አይደለም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጠዋቱ ተራ ታካሚዎች አምስቷን ደቂቃ በክብር ጨርሰን፣ ወጥተን ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። ሰባት ነን። ደህና እጅ ያለው እጅ ለሌለው ይይዛል፤ ጓንቱን የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት የምታመጣው፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ በደብተሬም እጽፋለሁ። ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አለን። ማንም አልተነሳለትም፤ የያዘ ሰው አይንቀሳቀስም። በሁለተኛው ቀን ከታች ቆሞ አየን። በሦስተኛው ቀን «ስንት ደቂቃ ቀራቸው?» ብሎ ጠየቀኝና፣ ዕቃ ተሸክመው የሚወጡትን ሰዎች በሌላው በር እንዲያልፉ አደረጋቸው።

የዳቦ ቤቷ ልጅ ደቂቃ በአስር ጀምሮ ባለፈው ወር አስራ ስምንት ገባ። ከዚያ ሃያ ሦስት። ሐኪሙ ለወርኃዊ ጉብኝቱ ሲመጣ ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ማህተም የሌላትን ደብተር፣ ከፋይሉ በላይ አስቀመጥኩለት። ገልጦ ገልጦ አየ። ከእሷ ገጽ በፊት ያለውን ገጽም አየ፤ የማን እንደሆነ ሳልነግረው አወቀ። «ይህን ያኔ ለምን አላሳዩኝም?» አለኝ። «መደበኛ ሰነድ አይደለም ብዬ ነው» አልኩት።  በዚያው ሳምንት ልጅቷን ለምርመራ ላካት፤ ከትከሻዋ አጠገብ ደም ሥሩ ጠቦ ተገኘና በትንሽ ፊኛ አሰፉላት። አሁን በዘጠኝ ደቂቃ ይቆማል። ቧንቧው ያለው ሁሉ ልክ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አግዳሚውን አይመልሱ፣ ደረጃውን ለምደነዋል። ዓምዱን ግን ይመልሱልን። አንዲት መስመር ናት። ሞልታ ብትገኝ ኖሮ አንድ ወጣት ሐኪም አንድ ረቡዕ ሳይመጣ ያነባት ነበር። ጊዜውንም ለሰዓት ሳይሆን ለክንዱ ይተዉት፤ ክንድ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አስር ደቂቃ ሰው መያዝ ይበቃል። ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ቀን ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ይውረዱ። ቦታ እናስለቅቅልዎታለን። ጓንትም አለ።

ጊዜዎን በማባከኔ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ተራ እንዲጨመርልዎ፣ ከእርስዎ በር የወጣ ሁሉ ሄዶ ሄዶ የሌላ ሰው ጣጣ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣

የቀድሞ አርአያ፣ የዛሬ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት፣
የሰባተኛዋ ወንበር ታካሚ
(ከደረጃው ላይ)

ማስታወሻ፤ ባለፈው ሳምንት ለቧንቧው ባለቤት ከቢሮዎ ደብዳቤ ደርሷታል። ታካሚው በተከታታይ ከእጥበት መቅረቱ እንደታወቀ፣ ያለ በቂ ምክንያት ቢቀር ወንበሩ (ከተሰጠ ቆይቷል) ለሌላ እንደሚሰጥ፣ የቀረበትንም ምክንያት በአስር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። መልሱን እኔ እንድጽፍላት ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ ከዚያ ራሴ ልጻፈው ብላ ብዕሩን ተቀበለችኝ። እኔ ፊደሉን ብቻ ነው ያረምኩት። በፖስታ ደርሶዎት ካላነበቡት ሙሉ ቃሉ ይኸው፤ «ባለቤቴ ከእናንተ ክፍል በሰዓቱ ወጥቷል። ቤት ግን አልደረሰም።»